ይመለሳሉ ወይ?

ሜሪላንድ ውስጥ ሐበሻ በተሰበሰበበት ሁሉ፣ ክርስትናም ይሁን ለቅሶ፣ ምግቡ ተነሥቶ ቡናው ሲቀርብ የቪዛ ጥያቄ ይከተላል። «እናቴን ላመጣት ነበር፤ የባንክ ደብተሯ ላይ ስንት ብር ቢኖር ይበቃል?» «ወንድሜ አንዴ ተከልክሏል፤ ከእንግዲህ ፓስፖርቱ ተበላሸ ማለት ነው?» «የጥሪ ደብዳቤውን ኖተራይዝ ላስደርገው?» «ቪዛዋ ኅዳር ላይ ካለቀ ኅዳር ላይ መውጣት አለባት?» መልስ የሚሰጥ ሰው ጠፍቶ አያውቅም። የሚያሳዝነኝ መልሱ ከሕጉ ሳይሆን ከአንድ ጎረቤት ዕድል መቀዳቱ ነው። አንዲት እናት ሀገር ልብስ ለብሳ ሄዳ ቪዛ ካገኘች፣ በሚቀጥለው ወር ሁሉም ሰው እናቱን ሀገር ልብስ አልብሶ ይልካል።

እኔም ከጠያቂዎቹ አንዱ ነበርኩ። ዛሬ የማውቀውን አብዛኛውን ያወቅኩት አክስቴን ከጉለሌ ወደ ሜሪላንድ ለማምጣት፣ ኋላም መልሶ ጉለሌ ለማድረስ ባየነው ውጣ ውረድ ነው።

እትዬ ነው የምንላቸው፤ የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው። ጳጉሜ 3 ቀን 1953 ተወልደው፣ በ1973 ማስተማር ጀምረው፣ በ2013 ጡረታ ወጡ። ባለቤታቸው በ2011 የካቲት ላይ ዐርፈውባቸዋል። ያለችው አንዲት ሴት ልጅ ናት፤ እሷም እንደ እኔ ኑሮዋ ሜሪላንድ ነው። ይህች የአክስቴ ልጅ በ2017 ጥር ላይ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ደረሰች። እናት ሄዳ ልጇን ማረስ አለባት፤ ይህ በእኛ ቤት ክርክር የሚነሣበት ጉዳይ አይደለም። ገንፎውን ማን ያገንፋ፣ ሕፃኗን ማን ይጠባት፣ ሰማንያ ቀኗ ደርሶ ክርስትና ስትነሣ አያት ከሌለች ማን ይታቀፋት?

ኅዳር ላይ ፈቃድ ወስጄ አዲስ አበባ ሄድኩ። ቦሌ ስደርስ ያው የውጭ ዜጎች ሰልፍ ላይ ቆምኩ። በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት የሌላ አገር ዜግነት የያዘ ሰው ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን ይለቃል፤ ከዚያ ወዲያ አገሩ ለመግባት ወይ ቪዛ ወይ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የመጣው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ሰው ቢጫ ካርድ የሚለው፣ ያስፈልገዋል። ቢጫ ካርዱ ያለ ቪዛ ያስገባል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ያሠራል፤ ድምፅ አያሰጥም። ከኋላዬ የቆሙ አንድ አዛውንት «እኔ ካርዱን ገና አላወጣሁም፤ ለወንድሜ ቀብር ነው የመጣሁት፤ ቪዛውን ትናንት ሌሊት ነው በኢንተርኔት የላኩልኝ» አሉኝ። የወንድም ቀብር ላይ ለመድረስ ቪዛ መጠበቅ ሰው ሊለምደው የሚገባ ነገር አይመስለኝም። ወደ እትዬ ልመለስ።

ቅጹን ሰፈራቸው ያለ ኢንተርኔት ቤት የሚሠራ ልጅ ሞልቶላቸው፣ ክፍያው 185 ዶላር ተከፍሎ፣ ቀጠሮው ተይዞ ነበር የደረስኩት። በቀጠሮው ቀን ከኤምባሲው ውጭ ቆሜ ጠበቅኳቸው። አጠገቤ የነበረች ወጣት አባቷን ይዛ መጥታ በስልክ ታለቅሳለች። የቀጠሮው ወረቀት 8፡00 ይላል፤ አባትየው በእኛ ሰዓት አስበው ከቀትር በኋላ ደረሱ። ዕድሜ ልካቸውን ፀሐይ ስትወጣ አንድ ብለው የቆጠሩ ሰው ናቸው፤ «ከጠዋቱ 2 ሰዓት ማለት ነው» የሚል አንድ መስመር ቢኖር ያ ሁሉ ባልሆነ።

እትዬ ቶሎ ወጡ። እንደነገሩኝ ጥያቄው ጥቂት ነው። ማን ጋ ይሄዳሉ? ለምን? ሥራዎ ምንድን ነው? ባለቤትዎስ? ስንት ልጅ አለዎት? መልሱን ሁሉ በእውነት መለሱ፦ አንድ ልጅ፣ እሷም አሜሪካ፤ ባለቤቴ ዐርፏል፤ ጡረታ ወጥቻለሁ። ፓስፖርታቸው ከአንዲት ወረቀት ጋር ተመለሰ። ወረቀቷ የምትጠቅሰው አንቀጽ 214 ለ የሚባለውን ነው።

ይህን አንቀጽ ሰው ሁሉ ቢያውቀው እመኛለሁ። እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣው የአሜሪካ የኢሚግሬሽንና የዜግነት ሕግ አካል ነው። የሚለው በአጭሩ ይህ ነው፦ ለጉብኝት ቪዛ የሚያመለክት ሰው ሊቀር እንደሚሄድ ይቆጠራል፤ እንደማይቀር ቆንስሉን የማሳመን ሸክሙ የአመልካቹ ነው። ወንጀል ፈጽመሃል አይደለም፣ ውሸት ተናግረሃል አይደለም፣ ዕድሜ ልክ ታግደሃል አይደለም። ይግባኝ የለውም፤ ነገር ግን በማግስቱ እንኳ እንደገና ማመልከት አይከለክልም። የተከፈለው ገንዘብ አይመለስም፤ ለአዲሱ ማመልከቻ እንደ አዲስ ይከፈላል። ፓስፖርቱም አይበላሽም፤ ብቻ በሚቀጥለው ቅጽ ላይ «ተከልክለህ ታውቃለህ?» ሲባል አዎ ብሎ መመለስ ግዴታ ነው። በዚህች ጥያቄ ላይ «አይ በል፣ አያዩትም» የሚል ደላላ ሰውን ገደል ነው የሚከተው፤ ምክንያቱም መከልከል ያልፋል፣ ዋሽቶ መገኘት ግን ለዘለቄታው ሊያሳግድ ይችላል።

እትዬን እስቲ በወረቀት ብቻ እንያቸው። ባል የለ፣ ሥራ የለ፣ አንዲት ልጅ ውጭ አገር። ጉለሌ የሚያስቀራቸው ነገር የለም። እኔ የማውቃቸው እትዬ ግን የሰፈሩ እድር ገንዘብ ያዥ ናቸው፤ ለቅሶ በተሰማ ቁጥር ድንኳኑ ከመተከሉ በፊት ቤተ ዘመዱ በር ላይ የሚደርሱት እሳቸው ናቸው። ወር በገባ በ16 የኪዳነ ምሕረት ማኅበር አለባቸው። ያስተማሯቸው ልጆች ዛሬ ልጆቻቸውን ይዘው የአውዳመት ዕለት ይመጣሉ። ባለቤታቸው የተቀበሩበት ቤተ ክርስቲያን ከቤታቸው በእግር የሚደረስ ነው፤ በየሳምንቱ ሄደው መቃብሩን ያጸዳሉ። ለዚህ ሁሉ ደረሰኝ የለውም። ቆንስሉም ክፉ ሰው ስለሆነ አይመስለኝም፤ ከመስኮቱ ማዶ የቆሙትን ሴት በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሚያውቅበት ሌላ መንገድ አልተሰጠውም። ግን ያ ጥቂት ደቂቃ አንዲትን ወላድ ያለ እናት ያስቀራል፤ ይህን ቀለል አድርጌ ላልፈው አልችልም።

ማታ የቅጹን ቅጂ አስወጥተን አየነው። የኢንተርኔት ቤቱ ልጅ እትዬ የመምህራን ማሠልጠኛ የጨረሱበትን ዓመት ወደ ፈረንጅ ቆጠራ ለውጦ 1980 ብሎታል። ሥራ የጀመሩበትን ግን ሳይለውጥ 1973 ብሎ ተወው። ስለዚህ ቅጹ ላይ እትዬ ገና የ12 ዓመት ልጅ ሳሉ፣ ሥልጠናቸውን ከመጨረሳቸው 7 ዓመት በፊት አስተማሪ ሆነዋል። የእኛ ዘመን ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ግድም በ7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜ በ8 ከእነሱ እንደሚያንስ ሁሉም ሰው ያውቃል፤ ፎርም ላይ ሲደርስ ግን ግማሹ ተለውጦ ግማሹ ይቀራል። ከስምም ጋር እንዲሁ ነው። በእኛ አገር ሴት ስታገባ ስሟን አትለውጥም፣ ልጅም የአባቱንና የአያቱን ስም ይይዛል፤ ስለዚህ እናትና ልጅ ጎን ለጎን ሲጻፉ አንድ የሚጋሩት ስም የላቸውም። ድልድዩ የልደት ምስክር ወረቀት ብቻ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ማብቂያ ላይ ነውና፣ በ1983 የተወለደችው የአክስቴ ልጅ ወረቀት አልነበራትም። ከሆስፒታል ካርዷ ተነሥተን ወረዳ ስንመላለስ ፈቃዴ አልቆ ተመለስኩ።

ሕፃኗ ጥር ላይ ተወለደች። ገንፎውን ጎረቤቶች ተራ ገብተው አገነፉ። ሰማንያ ቀኗም ያለ አያት ዋለ፤ እትዬ በስልክ ቪዲዮ እያዩ እልል አሉ፣ እኔ ስልኩን ይዤ ቆሜያለሁ።

በዚያ መካከል የሰማሁት ምክር ብዛቱ! የባንክ ብር ጉዳይ አንዱ ነው። ሕጉ ይህን ያህል ብር ይኑር የሚል ቁጥር የለውም። ከቀጠሮው በፊት ባለው ሳምንት ከዘመድ ተለቃቅሞ የገባ ገንዘብ ደግሞ ከየት መጣ የሚል አዲስ ጥያቄ ይወልዳል። የጥሪ ደብዳቤም ለጉብኝት ቪዛ ግዴታ አይደለም፤ ቪዛ የሚሰጠው በአመልካቹ ሁኔታ እንጂ በጠሪው ደመወዝ አይደለም። የዲቪን ነገር ልተወው ነበር፤ ግን «ደርሶሃል፣ ገንዘብ ላክ» የሚል መልእክት አሁንም ሰው እያስለቀሰ ስለሆነ አልፈው አልችልም፤ ዲቪ የደረሰው ሰው የሚያውቀው በማረጋገጫ ቁጥሩ ራሱ ገብቶ ሲያይ ብቻ ነው፣ በኢሜይል ገንዘብ የሚጠይቅ ሁሉ አጭበርባሪ ነው።

አንድ የሥራ ጓደኛዬ በእነዚያው ወራት የወንድሙን የአውሮፓ ሸንገን ቪዛ ማመልከቻ ይከታተል ነበር። በሸንገን በኩል ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ክፍያው ከ2024 ሰኔ ጀምሮ (እ.ኤ.አ.) 90 ዩሮ ነው፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ሕክምና ዋስትና ይጠየቃል፤ በ180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ አያስቀምጥም። የአውሮፓ ኅብረት በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ በኢትዮጵያውያን ላይ ባሳለፈው ውሳኔ፣ ሌላው በ15 ቀን የሚያገኘውን መልስ የእኛ ሰው እስከ 45 ቀን እንዲጠብቅ ሆኗል፤ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛም ቀርቷል። የተጣላው መንግሥት ከመንግሥት ሆኖ የሚጠብቀው ግን የጓደኛዬ ወንድም ነው። ያም ሆኖ አንድ የማከብርላቸው ነገር አለ፦ ሲከለክሉ ምክንያቱ በቅጽ ላይ ተለይቶ ምልክት ይደረግበታል፣ ይግባኝም አለው። ሰው ለምን እንደተከለከለ ሲያውቅ ቢያንስ የቱን ማስተካከል እንዳለበት ያውቃል።

እትዬ ለሁለተኛ ጊዜ ኤምባሲው የገቡት ክረምት ላይ ነው። ዓመቶቹ ተስተካክለዋል፣ የልደት ወረቀቱ ወጥቷል፣ የቤቱ ካርታና የጡረታ ደብተሩ ተይዟል። ወረቀቶቹን ማንም አልጠየቃቸውም። «ለምን ይመለሳሉ?» ተብለው ሲጠየቁ ግን የመለሱትን ቃል በቃል ነግረውኛል፦ «የባለቤቴ የሰባት ዓመት ተዝካር የካቲት 1 ነው። እኔ ካልተመለስኩ ማን ያወጣለታል?» ቆንስሏ ትንሽ ጻፈችና «መልካም ጉዞ» አለቻቸው።

ቪዛው ሲመጣ ሌላ ድንጋጤ። የሦስት ወር፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ። ከ2025 ሐምሌ ጀምሮ (እ.ኤ.አ.) ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው እንዲህ ሆኖ ነበር። እትዬ ደውለው «ልጄ፣ ሦስት ወር ብቻ ነው እንዴ የምቀመጠው? ጥቅምት ገብቼ ኅዳር ልወጣ ነው?» አሉኝ። አይደለም። ቪዛው ላይ ያለው ቀን በር ላይ የመድረሻ የመጨረሻ ቀን ነው። ምን ያህል እንደሚቀመጡ የሚወስነው ሲገቡ ድንበር ላይ ያለው መኮንን ነው፤ ያም አይ-94 በሚባለው መዝገብ ላይ ይሰፍራል፣ ለጎብኚ በተለምዶ ስድስት ወር ነው። ይህን ባለማወቅ ጓዛቸውን ሳይፈቱ የተመለሱ እናቶች አውቃለሁ፤ በተቃራኒው የሁለት ዓመት ቪዛ አለኝ ብለው ከተፈቀደው ቀን አልፈው የተቀመጡና ለሁልጊዜ የተበላሸባቸውም አሉ። መዝገቡ በኢንተርኔት ይገኛል። በደረሱ በማግስቱ አትሞ ፓስፖርት ውስጥ ማስገባት ነው።

ጥቅምት ላይ መጡ። ሽሮውና በርበሬው ተመዝግቦ አለፈ፤ ቋንጣውን አስቀድሜ አስቀርቻቸው ነበር፣ ሥጋ አይገባምና። ሕፃኗ ዘጠኝ ወሯ ነው፤ ሶፋ ይዛ ትቆማለች። እትዬ በሩ ላይ ጫማቸውን ሳያወልቁ ተንበርክከው እጃቸውን ዘረጉላት። አላወቀቻቸውም፣ አለቀሰች። እሳቸውም አለቀሱ። ማታ ላይ ደረታቸው ላይ ተኝታ ነበር።

የመመለሻው ትኬት በፍራንክፈርት በኩል ነበር፤ ለረቡዕ ማታ። የካቲት 1 እሑድ ይውላል፤ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ተዝካሩ መውጣት አለበት። ጉለሌ ጠላው ተጠንስሷል፣ ካህናቱ ተነግረዋል፣ እድሩ ድንኳኑን ለቅዳሜ አዘጋጅቷል። እኔ ነኝ አውሮፕላን ማረፊያ የወሰድኳቸው።

የአየር መንገዱ ሠራተኛ ፓስፖርቱን አገላብጣ «ቪዛቸው አልፏል» አለች። አይ-94ቱን አሳየኋት፤ ገና ሁለት ወር አለው። ያን ተቀበለች። ቀጥላ «ኢትዮጵያውያን ጀርመን ላይ ለማለፍ የትራንዚት ቪዛ ያስፈልጋቸዋል» አለች። እውነት አላት፤ በአውሮፓ ኅብረት የቪዛ ሕግ፣ ቁጥር 810/2009፣ አውሮፕላን ለመቀየር እንኳ ቪዛ ከሚጠየቁት 12 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ነገር ግን ያው ሕግ አንቀጽ 3 ላይ፣ የአሜሪካ ቪዛ የያዘ ሰው፣ ቪዛውን ተጠቅሞ ከአሜሪካ የሚመለስም ጭምር፣ ከዚህ ግዴታ ነጻ ነው ይላል። ስልኬ ላይ ከፍቼ አሳየኋት። «ቪዛው የፀና መሆን አለበት» አለች። ቀጣዩን ሐረግ አነበብኩላት። ኮምፒውተሯን አየች፣ ሌላ ሠራተኛ ጠራች፣ እሱም ራሱን ነቀነቀ። ከኋላችን ሰልፉ ረዝሟል። አየር መንገድ ወረቀቱ ያልተሟላ መንገደኛ ይዞ አውሮፓ ከደረሰ በነፍስ ወከፍ በሺህ የሚቆጠር ዩሮ እንደሚቀጣ አውቃለሁ፤ እዚያ የቆመች ልጅ የምትፈራው እሱን ነው፤ ስትጠራጠር መከልከል ይቀላታል። በሩ ተዘጋ፣ አውሮፕላኑ ሄደ።

እትዬ ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። «እንድመለስ አይደል እንዴ ያስማሉኝ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ለልጃቸው ደወልኩ፣ ለጉለሌም ደወልኩ፤ እዚያ ሌሊት ነው፣ ታናሽ እህታቸው «ካህናቱን ምን ልበል?» እያለች ስትጨነቅ ይሰማል።

ሌሊቱን የሕጉን ገጽ በእንግሊዝኛም በጀርመንኛም አተምኩ፤ አንቀጹን በቀለም አሰመርኩ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ወደ ማንም ሳልሄድ በቀጥታ የፈረቃ ኃላፊው እንዲጠራልኝ ጠየቅኩ። በዕድሜ ገፋ ያለ ሰው ነው። ወረቀቱን ቆሞ እስከ መጨረሻው አነበበ፣ መጀመሪያ ያልተደረገው ይህ ብቻ ነበር። አየር መንገዶች የየአገሩን የመግቢያ ሕግ የሚያዩበትን የመረጃ ቋት ከፍቶ የመመለሻውን ሁኔታ ጭምር አስገባና ማያውን ወደ እኔ አዞረው፤ ያው ነው የሚለው። ይቅርታ ጠየቃቸው፣ የመሳፈሪያ ወረቀታቸውንም በእጁ ሰጣቸው። ለቀኑ ለውጥ ግን 300 ዶላር ግድም አስቀድመን ከፍለን ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ቦሌ ደረሱ። ተዝካሩ እሑድ ወጣ።

ያን ገንዘብ እስካሁን አልመለሱልንም። ደብዳቤ ጽፌያለሁ፣ «እያየነው ነው» የሚል መልስ መጥቷል፤ እቀጥላለሁ። ከገንዘቡ ይልቅ አጥብቄ የጠየቅኩት ሌላ ነው፦ መንገደኛን ከጉዞ የሚያስቀር ሠራተኛ በየትኛው ሕግ እንደሆነ ጽፎ ይስጥ። ቢጻፍ ኖሮ ረቡዕ ማታውኑ ስሕተቱ ይታይ ነበር። የአክስቴ ልጅ ባል ደግሞ እናቱ ሐዋሳ ናቸው፤ የልጅ ልጃቸውን ገና አላዩም። ቅጹን በስልክ እየጠየቅኳቸው እኔው እየሞላሁ ነው፤ ዓመቶቹን አንድ በአንድ ከቀን መቁጠሪያ ጋር እያመሳከርኩ አሁን ከትምህርት ቤታቸው ዘመን ላይ ደርሰናል።